እምቧይ የያዘውን መሬት በምን እናጽዳው? መቁረጥ፣ መንቀል፣ መርጨት ወይስ መከለል

የግጦሽ መሬቱን እምቧይ ለያዘበት ሰው ምክር ሞልቷል። አንዱ «በገጀራ ጨፍጭፈህ ጣለው» ይላል። ሌላው «በበጋ እሳት ልቀቅበት» ይላል። የመድኃኒት ሻጩ ደግሞ ገና ነግራችሁት ሳትጨርሱ ጠርሙስ ያወርዳል። ግራ የሚያጋባው ሁሉም ዘዴ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራ መምሰሉ ነው። መሬቱ ጸድቶ ሲታይ ደስ ይላል። የትኛው እንደሠራ የሚለየው ግን በሚቀጥለው ክረምት ነው።

ስለዚህ እዚህ ዘዴዎቹን የማወዳድረው በፍጥነታቸው አይደለም። በዓመቱ ተመልሰን መሬቱን ስናይ ምን እናገኛለን? ጥያቄው ይህ ነው።

ትግሉ ከምን ጋር ነው?

እምቧይ የድንች፣ የቲማቲም፣ የበርበሬና የደበርጃን ዘመድ ነው። በኦሮምኛ ሂዲ፣ በትግርኛ እንጉለ ይባላል። ቅጠሉ በተለይ በታችኛው ገጹ በኩል ግራጫ ነው፤ ሲዳስሱት ጨርቅ ጨርቅ ይላል። አበባው ሐምራዊ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ነው። ፍሬው ጥሬ ሳለ ነጭ ዥጉርጉር ያለበት አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል። እሾሁ ግንዱ ላይ ብቻ አይደለም። በቅጠሉ መሐል በሚሄደው ጅማትና ፍሬውን በያዘው ቆብ ላይም አለ። ግንዱን ተጠንቅቆ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጋው በቅጠሉ ነው።

ሰው በአንድ ስም ይጥራው እንጂ ዝርያው ከአንድ በላይ ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ሶላነም ኢንካነም ነው። ደጋው ላይ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ነጭ የሆነው ሶላነም ማርጂናተም አለ። ለማጽዳቱ ሥራ ልዩነታቸው ብዙም አያሳስብም።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። እምቧይ ከባሕር ማዶ የመጣ መጤ አረም አይደለም፤ የዚሁ አገር ነው። እንደ ወራሪ የሚሆነው ሣሩ ሲጎዳ ነው። ከብት ሣሩን እየመረጠ ይግጣል፣ እሾሃሙን እየዘለለ ያልፋል። ሣሩ ባለቀበት መሬት ላይ ውሃውም ብርሃኑም ለእምቧዩ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት እምቧይ የሞላበት ሜዳ ካያችሁ፣ መሬቱ ከአቅሙ በላይ ተግጧል ማለት ነው።

ኬንያ ውስጥ ላይኪፒያ በሚገኘው የምፓላ የምርምር ማዕከል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህንን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ዝሆንና ኢምፓላ (ሚዳቋ መሰል የዱር እንስሳ) እንዳይገቡ በታጠሩ ቦታዎች የእምቧይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቁጥቋጦ በዛ። ለካ ዝሆኑ ተክሉን እየነቀለ፣ ኢምፓላው ፍሬውን እየበላ ልክ ያስገቡት ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ዝሆን የለም። የዝሆኑን ሥራ የሚሠራው ዶማ የያዘ ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ መከለል የሚለው ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከአገሩ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነው። የእኛው ነጭ ጠርዙ እምቧይ ኒው ዚላንድና ካሊፎርኒያ ውስጥ በተባይ አረምነት ተመዝግቦ ይሳደዳል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ዘመዱ ሶላነም ቪያረም ፍሎሪዳ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤከር የግጦሽ መሬት ያዘ። ያጓጓዙት ራሳቸው ከብቶቹ ነበሩ፤ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በእበታቸው ከእርሻ እርሻ አዛመቱት።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውንም ዘዴ በአምስት ጥያቄ እለካለሁ። አንደኛ፣ ሥሩን ይገድላል ወይስ ላዩን ብቻ ይመታል? ሁለተኛ፣ ፍሬ ከመብሰሉ በፊት ይደርሳል? ሦስተኛ፣ ሣሩ ይተርፋል? አራተኛ፣ ስንት ጉልበትና ስንት ብር ይበላል? አምስተኛ፣ ለሰው፣ ለከብት፣ ለንብና ለጎረቤት እርሻ ምን አደጋ አለው?

እኔ ከሁሉም የማስቀድመው አንደኛውንና ሦስተኛውን ነው። ሥሩን ያልነካ ሣሩንም ያልመለሰ ዘዴ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው።

ለወጪው ግምት ቀላል መንገድ አለ። በመጠኑ እምቧይ ያለበትን ቦታ 10 በ10 ሜትር ለክታችሁ በገመድ ክበቡት። ስንት ግንድ እንዳለ ቁጠሩ። አንድ ሰው ያንን ለመንቀል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እዩ። አንድ ሄክታር እንዲህ ያለ 100 ቦታ ነው፤ አንድ ጥማድ ወደ 25 ገደማ። በአካባቢያችሁ የቀን ሠራተኛ ዋጋ አባዙት። ይህን ሳያደርግ ወደ ሱቅ የሚሮጥ ሰው ብሩን በግምት ነው የሚበትነው።

መቁረጥ

በገጀራ ወይም በመጥረቢያ መቁረጥ ቀላሉ ነው። ማንም ይችለዋል፣ ብርም አያስወጣም። ሥሩ ግን አይሞትም። ከተቆረጠው ጉቶ ሥር ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ አንድ የነበረው ግንድ ቁጥቋጦ ይሆናል። ብቻውን ከሆነ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አበባው እንደታየ ከቆረጣችሁት የዚያን ዓመት ዘር አስቀርታችኋል። ለመንቀልም ለመርጨትም ጊዜ ያልነበረው ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ። ሌላ ዘዴ ሲከተለው ደግሞ ዋጋው ይጨምራል፤ ወረድ ብለን እናየዋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተቆረጠውን እሾህ ለአጥር የሚጠቀም ብዙ ነው። ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ግን አጥር አታድርጉት። ዘሩን ራሳችሁ ጓሮ ድረስ ተሸክማችሁ ማምጣት ነው የሚሆነው።

ከሥሩ መንቀል

የእኔ ምርጫ፣ ለትንሽ መሬት፣ ይህ ነው። አድካሚነቱን ማንም አይክደውም። ግን ሥሩን የሚያወጣ፣ ሣሩን የማይገድል፣ መርዝ የሌለው ዘዴ ይኸው አንዱ ነው።

ወቅቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ደረቅ መሬት ላይ መንቀል ሥሩን መሐል ላይ መበጠስ ነው፤ የቀረው ያቆጠቁጣል። ሐምሌና ነሐሴ አፈሩ ሲርስ ወጣቱ በመቆፈሪያ ተፈንቅሎ እንዳለ ይወጣል። ያረጀው ግን ዙሪያውን መቆፈር ይፈልጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቅርንጫፉን ቁረጡና እንደ እጀታ የሚያዝ ጉቶ አስቀሩ። ከጉቶው አንድ ክንድ ራቅ ብላችሁ በዶማ ዙሩት። የጎን ሥሮቹን ቁረጡ። ከዚያ ዋናውን ሥር መቆፈሪያውን ከሥሩ አስገብታችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉት። የወጣውን ሥር እርጥብ አፈር ላይ አትተዉት፤ አገላብጣችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ጓንት ያስፈልጋል፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት። የጨርቁን እሾሁ ያልፈዋል። ፍሬውን ለብቻው በጆንያ ሰብስቡ፤ አድርቃችሁ አቃጥሉት ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ክልክል ነው በሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከፍጉ ጋር ማሳችሁ ላይ ትበትኑታላችሁ።

ደቦ መጥራት ከቻላችሁ ሥራው ይቀላል። ደቦ ነጻ ነው የሚለውን ግን አትመኑ። ጠላውንና እንጀራውን ከወጪ ውስጥ ቁጠሩት።

ማረስ

መሬቱን ለእህል ለምትፈልጉት ብቻ ነው የምመክረው። ደጋግሞ ማረስና ጥቅጥቅ ያለ ሰብል መዝራት እምቧይን ያዳክማል። አንድ ጊዜ አርሶ መተው ግን ባዶ አፈር ማዘጋጀት ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የሚያስፈራው ምሳሌ ሶላነም ኤሊያግኒፎሊየም የሚባለው ብርማ ቅጠል ያለው አረም ነው። ከአሜሪካ ወጥቶ ሞሮኮንና ደቡብ አፍሪካን አስቸግሯል። ማረሻ የቆራረጠው ትንሽ የሥር ቁራጭ ሁሉ አዲስ ተክል ይሆናል። ስለዚህ ከማረሳችሁ በፊት ያረጁትን ጉቶዎች ንቀሉ፣ ካረሳችሁም በኋላ የወጣውን ሥር ልቀሙ።

ዳር ዳሩን እምቧይ ከብቦት ድንችና ቲማቲም የሚዘራ ሰውም ይጠንቀቅ። ዘመዳሞች ስለሆኑ ተባይ ይዋዋሳሉ። የቲማቲም ቅጠልን የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል እምቧይ ላይም ይኖራል።

ማቃጠል

አጭር ልበል። ላዩ ይነዳል፣ ሥሩ ይተርፋል፣ አፈሩ ላይ የወደቀው የሣር ዘር ይቃጠላል። እምቧይን ማጽዳት ሳይሆን ለእምቧይ ቦታ መደልደል ነው። ተነቅሎ የተከመረን ማቃጠል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይፈቀዳል።

ኬሚካል

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው፤ በመድኃኒቱ ዓይነትና በሚረጭበት ጊዜ።

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን ይመታል፣ ሣሩን ይተዋል። ለግጦሽ ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን ያረጀ ባለ ጉቶ እምቧይ ላይ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን አቃጥሎ ይቀራል፤ ሥሩ ተመልሶ ያበቅላል። ግላይፎሴት ወደ ሥር ይወርዳል። ግን ሣር እምቧይ ብሎ አይለይም፣ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ያደርቃል። ሜዳውን በሙሉ ግላይፎሴት የረጨ ሰው ሣሩን ገድሎ ለሚቀጥለው የእምቧይ ትውልድ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። ስለዚህ በነጠላ በነጠላው፣ ተክሉ ላይ ብቻ።

ከመርጨት የተሻለው ቆርጦ መቀባት ነው። ግንዱን ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ። ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በተለጠፈው መመሪያ መጠን የተበጠበጠውን ግላይፎሴት በብሩሽ ጉቶው ላይ ትቀባላችሁ። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ከኋላው እየተከተለ ይቀባል። መድኃኒቱ ትንሽ ነው የሚፈጀው፣ በነፋስ አይወሰድም፣ ዙሪያው ያለው ሣርም ይተርፋል።

ሰፊ መሬት ላላቸው የፍሎሪዳ አርቢዎች የሚመከረው ሌላ ነው። መጀመሪያ ያጭዱታል። ከ50 እስከ 60 ቀን ይጠብቁና አዲሱ ቅጠል ሲወጣ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ትራይክሎፒር የሚባለውን ይረጩበታል። ከዚያ የምንወስደው ሐሳቡን ነው፤ ለጋ ቅጠል መድኃኒት ይወስዳል፣ አቧራ የጠጣ የበጋ ቅጠል አይወስድም። በጥር መርጨት ብር መርጨት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ተክሉ ገና ልምላሜ ላይ እያለ፣ ያ ጥሩ ጊዜ ነው።

አደጋውን አታቃልሉት። ነፋስ ባለበት ቀን ቱፎርዲ ብትረጩ የጎረቤት ሽምብራ፣ ባቄላና ቲማቲም ይጠወልጋል፤ ከዚያ ሽማግሌ ነው የሚቀመጠው። ቀፎ አጠገብ ከሆነ አበባ ላይ አትርጩ። ከብት ወደ ሜዳው የሚመለስበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ያለው መመሪያ ነው የሚወስነው። ባዶ ጠርሙሱንና ጀሪካኑን ደግሞ ወግታችሁ አበላሹት። ታጥቦ የዘይት ወይም የውሃ ዕቃ ሲሆን ያየሁበት ቤት ብዙ ነው።

መከለልና ሣር መመለስ

ከብት እንዳይገባ ከልሎ ሣሩ እንዲያገግም ማድረግ ብዙ አካባቢ የለመደው ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። የላይኪፒያውን ጥናት አስታውሱ፤ የሚበላውን እንስሳ አጥሮ ማስወጣት ቁጥቋጦውን ሊያበዛው ይችላል። በቁሙ ያለ ያረጀ እምቧይ ሣር ስለበቀለ ብቻ አይሞትም። ሣሩ የሚያሸንፈው ከዘር የሚበቅለውን ችግኝ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ንቀሉ ወይም ቀቡ፣ ከዚያ ከልሉ። የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ወዲያው ሣር ተክሉበት። ደጋና ወይና ደጋ ላይ ደሾ ጥሩ ነው፤ በግንጣይ ይተከላል፣ አፈርም ይይዛል። በዘር ለሚፈልግ ሮደስ ሣር አለ። እርጥበት ባለበት ወይና ደጋና ቆላ ዝሆኔ ሣር ይሆናል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ከብቱን ከማሰማራት ይልቅ ሣሩን አጭዶ መመገብ። ለአጫጁ ሥራ ይበዛል፣ እውነት ነው።

ፍየልና ጥንዚዛስ?

ፍየል ቅጠሉን ትቀነጣጥብ ይሆናል። ፍሬው ግን መርዛማ ስለሆነ «ፍየል ልልቀቅበት» የሚለውን አልመክርም። ከብትም ሲርበው ፍሬውን ሊበላ ይችላል፤ ያኔ ዘሩንም ያዛምታል።

ስለ ጥንዚዛ የሚጠይቅ አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ፍሎሪዳ ደግሞ በ2003 ለየአረማቸው ቅጠል በል ጥንዚዛ ለቀዋል፤ ጥሩ ውጤትም ተገኝቷል። እዚያ የሠራው አረሙ ጠላቶቹን አገሩ ትቶ ስለሄደ ነው። እምቧይ እዚህ አገሩ ነው፣ ተባዮቹም እዚሁ አሉ። በዚያ ላይ የድንችና የበርበሬ ዘመድ የሚበላ ነፍሳት በየፊናው መልቀቅ ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያቅትም። ለግለሰብ ምርጫ ውስጥ አይገባም።

በአንድ ገጽ

| ዘዴ | ሥሩን ይገድላል? | ሣሩ ይተርፋል? | ጉልበት | ብር | አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| መቁረጥ ብቻ | አይገድልም | ይተርፋል | መካከለኛ፣ በየዓመቱ | ትንሽ | እሾህ |
| ከሥሩ መንቀል | አዎ፣ በእርጥብ አፈር | በአብዛኛው | ከባድ | ሠራተኛ ከተቀጠረ ብዙ | እሾህ |
| አርሶ መዝራት | በድግግሞሽ ያዳክማል | አይተርፍም | ከባድ | መካከለኛ | የተቆራረጠ ሥር ማዛመት |
| ማቃጠል | አይገድልም | ይጎዳል | ቀላል | ትንሽ | የሰደድ እሳት |
| ቱፎርዲ መርጨት | ወጣቱን፣ ያረጀውን እምብዛም | ይተርፋል | ቀላል | መካከለኛ | የጎረቤት ሰብል፣ ንብ |
| ቆርጦ መቀባት | አዎ፣ ቶሎ ከተቀባ | ይተርፋል | መካከለኛ | መካከለኛ | በአያያዝ የሚወሰን |
| መከለል ብቻ | አይገድልም | ይጨምራል | ቀላል | አጥር ወይም ጠባቂ | ከብት የት ይዋል የሚል ጭቅጭቅ |
| ነቅሎ ወይም ቀብቶ መከለል | አዎ | ይጨምራል | በመጀመሪያው ዓመት ከባድ | መካከለኛ | ትንሽ |

በአንዱ ዘዴ ብቻ መተማመን የእምቧይ ካብ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ሥሩንም የሚገድል ሣሩንም የሚጨምር የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ነው፤ እሱም ቅልቅል ነው።

ለማን የትኛው?

ጉልበት ያለው፣ ብር የሌለው፣ እስከ ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ሰው በክረምት ይንቀል። ኬሚካል አያስፈልገውም። ሁሉንም በአንድ ክረምት መጨረስ ካልቻለ ጥቂት እምቧይ ካለበት ጠርዝ ይጀምር። ብዙዎች በጣም ከከፋው መሐል ይጀምሩና ደክመው ይተዉታል፤ ንጹሑ ዳር እስከዚያ ይወረራል።

ከብት ለሚያደልብና ሰፊ ሜዳ ላለው ቆርጦ መቀባት ያዋጣዋል። ወጣቱንና የተበታተነውን በነጠላ መርጨት ይችላል። ከገበያ የመጣ አዲስ ከብት በቀጥታ ወደ ጸዳው ሜዳ አይግባ። ፍሎሪዳ ውስጥ ቢያንስ 6 ቀን ለብቻ ማቆየት ይመከራል፤ በሆዱ ያለው ዘር እስኪወጣ ነው። ያ እበት ደግሞ የት እንደሚጣል ይታሰብበት።

የጋራ ግጦሽ የሚያስተዳድር ኮሚቴ ከዘዴው በፊት ስምምነቱን ይጨርስ። ሜዳው በአራት ይከፈል፣ በየዓመቱ አንዱ ተነቅሎ ይከለል፣ ሦስቱ ይጋጡ። ሁሉንም ልከልል ያለ ኮሚቴ በሁለተኛው ወር ከብት አስገቢ ይበዛበታል። የታጨደው ሣር ለማን እንደሚደርስ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ከተማ ውስጥ ግቢና ባዶ ቦታ ላለው ሌላ ምርጫ አያስፈልግም፤ ይንቀል። ልጅ፣ ዶሮና የውሃ ጉድጓድ ባለበት ግቢ መርጨት ምን አመጣው? ሕፃናት ፍሬውን ላምና በሬ አድርገው ስለሚጫወቱበት እንዳይቀምሱት ንገሯቸው። ሥሩን ለባህል መድኃኒት የሚፈልግ ጎረቤት ካለ ነቅሎ ይውሰድ፣ ሥራ ቀነሰላችሁ። አዘገጃጀቱን ለአዋቂው እተዋለሁ።

ከሩቅ ሆናችሁ የቤተሰብ መሬት በስልክ የምታስጸዱ ደግሞ ውላችሁን አስተካክሉ። በሄክታር ከከፈላችሁ ተቆርጦ ይጠብቃችኋል፤ በፎቶ ላይ የተቆረጠና የተነቀለ አይለይም። በተነቀለ ሥር ቁጥር ተዋዋሉ። ሥሩ ተከምሮ ፎቶ ይነሳ፣ ከሚታመን ዘመድ አንዱ ሄዶ ይቁጠረው። ከክፍያው ሩቡን ለሚቀጥለው መስከረም አስቀሩ። ያኔ ተመልሶ ያቆጠቆጠው ተነቅሎ ሲያልቅ ቀሪው ይከፈላል።